ወደ ጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት የሚያስገባው በር፦ መለኪያዎቹና ቅደም ተከተላቸው

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ስለ ጥርስ ሕክምና ትምህርት መናገር ከቦታው የወጣ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በተለይ በአሜሪካ ከሚኖሩት የማኅበሩ አባላት መካከል ልጁ ወይም ታናሽ እኅቱ የጥርስ ሐኪም ለመሆን የምታስብ ጥቂት አይደለም፤ የምሕንድስና ዲግሪውን ከያዘ በኋላ ፊቱን ወደዚሁ ሙያ የሚያዞር ወጣት ባልደረባም አለ። ከዚህም በላይ የዚህ ትምህርት ቤት መግቢያ ሥርዓት ራሱ መሐንዲስ በሚያውቃቸው ነገሮች፣ ማለትም በልክ፣ በንድፍና በሥራ ቅደም ተከተል የተገነባ ስለሆነ፣ ጉዳዩን ከዚህ አቅጣጫ መመልከት ያለ ጥቅም አይሆንም።

ከአመልካቾቹ ውስጥ ሳይቀበሏቸው ከሚቀሩት መካከል ብዙዎቹ ሰነፎች አይደሉም። በአሜሪካ በየዓመቱ ከሚያመለክቱት ውስጥ ቦታ የሚያገኙት ከግማሽ ጥቂት ከፍ የሚሉት ሲሆኑ፣ የተቀሩት ደግሞ ቢያንስ በኮሌጅ ደኅና ውጤት ያገኙ ወጣቶች ናቸው። በሩ ምን እንደሚለካና መቼ እንደሚለካ ሳይረዱ የቀረቡ ግን በመካከላቸው አሉ። በኢትዮጵያ የጥርስ ሕክምና ተማሪ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ፣ በአገር አቀፍ ፈተና ውጤትና በምደባ ይገባ ነበር፤ ሸክሙም በዋናነት በዚያ ፈተና ላይ ነበር። በአሜሪካ ግን አራቱ ዓመት የሚጀመረው፣ እንደ ልማዱ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ከተያዘ በኋላ ነው። በፊተኛው ሥርዓት ያደገ ወላጅ ልጁን «አንቺ ብቻ ማርክሽን አሳምሪ፣ ሌላው ራሱ ይመጣል» ብሎ ሲመክር በቅን ልቡና ነው፤ ምክሩ ግን ለሌላ በር የተሠራ ቁልፍ ነው።

የበሩን አመጣጥ በአጭሩ ማየት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1840 በሜሪላንድ፣ በባልቲሞር ከተማ፣ ሆራስ ሄይደንና ቻፒን ሃሪስ በዓለም የመጀመሪያ የሆነውን የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ከመመሥረታቸው በፊት፣ ሙያው የሚገኘው ከባለሙያ ሥር ሆኖ እጅን በማስለመድ ነበር። መርማሪው ጌታው ራሱ ነው፤ የልጁን እጅ እያየ ያስቀረዋል ወይም ያሰናብተዋል። በ1867 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቱን ሲከፍት ትምህርቱ ከዩኒቨርሲቲ ጋር ተሳሰረ። ይሁን እንጂ ለትርፍ የቆሙ የግል ትምህርት ቤቶች ከዚያ በኋላም ብዙ ዘመን ቆይተዋል። በ1926 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ዊልያም ጊስ በካርኔጊ ፋውንዴሽን አማካይነት ያወጣው ታዋቂ ሪፖርት የጥርስ ሕክምና ከጠቅላላው የጤና ሳይንስ ሳይነጠል በዩኒቨርሲቲ ሊሰጥ ይገባዋል ሲል ተከራከረ። በሩ ከእጅ ወደ መጽሐፍ የዞረው በዚህ መንገድ ነው።

እጅ ግን ወዲያው አልተረሳም። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ1950 በመላ አገሪቱ መስጠት የጀመረው የመግቢያ ፈተና፣ በአጭር አጠራሩ ዳት የሚባለው፣ ከሳይንሱ ጥያቄ ጋር የጠመኔ ቅርጽ ፈተና ነበረው። ተፈታኙ ጠመኔና ቢላዋ ይሰጠውና በታዘዘው ልክና ቅርጽ መሠረት ይቀርጻል፤ ጠርዙ ቀጥ ማለቱ፣ ገጹ መለስለሱ፣ ማዕዘኑ መጠበቁ ይታይለታል። ይህ ፈተና በ1972 ቀረ። በካናዳም ሳሙና የማስቀረጹ ፈተና ለብዙ ዓመታት ከቆየ በኋላ እንዲሁ ቀርቷል። መለኪያ የሚያውቅ ሰው የዚህን ምክንያት ለመገመት አይቸገርም፤ ጠመኔ ከጠመኔ ይለያል፣ ዳኛም ከዳኛ ይለያል፣ በሺህ የሚቆጠር ቅርጽ ሰብስቦ በአንድ ዓይን መመዘንም ከባድ ሥራ ነው። ሁለት ጊዜ ሲለካ ሁለት የተለያየ ቁጥር የሚሰጥ መሣሪያ ከግምጃ ቤት እንደሚወጣ ሁሉ ጠመኔውም ወጣ። በምትኩ የተቀመጠው የእጅን ነገር በዓይን በኩል የሚጠይቅ የወረቀት ፈተና ነው፤ ዛሬም በኮምፒዩተር የሚሰጠው እርሱ ነው።

ይህ ክፍል በዝርዝር ሊታይ የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም ከዳት ክፍሎች ሁሉ ለአመልካቹ እንግዳ የሚሆንበት፣ ለመሐንዲስ ግን የቅርብ ዘመድ የሆነው እርሱ ነው። ጥያቄዎቹ 90 ሲሆኑ የተመደበው ጊዜ 60 ደቂቃ ነው፤ ለአንዱ ጥያቄ 40 ሴኮንድ ይደርሰዋል ማለት ነው። ስድስት ዓይነት ሲሆኑ እያንዳንዱ 15 ጥያቄ አለው። አንደኛው አንድ ዕቃ ተስሎ ይቀርብና ሳይዞር በየትኛው ቀዳዳ ሊያልፍ እንደሚችል ይጠይቃል። ሁለተኛው፣ ቴክኒካል ድሮዊንግ የተማረ ሁሉ የሚያስታውሰው ነው፤ የላይ፣ የፊትና የጎን እይታ ከሚባሉት ሁለቱ ይሰጡና ሦስተኛው ይፈለጋል፤ የማይታየው ጠርዝ በተቆራረጠ መሥመር መመልከቱ እንኳ አልቀረም። ሦስተኛው አራት ማዕዘኖችን ከትንሹ እስከ ትልቁ በዓይን ብቻ አሰልፉ ይላል፤ ማስመሪያም ሆነ ፕሮትራክተር አይፈቀድም። አራተኛው ወረቀት ታጥፎ ሲበሳ፣ ሲዘረጋ ቀዳዳዎቹ የት የት እንደሚሆኑ ነው። አምስተኛው ተደራርበው የተጣበቁ ኩቦች ከሥራቸው በቀር በውጭ በኩል ሁሉ ቀለም ተቀብተዋል ይልና፣ ሁለት ገጹ ወይም ሦስት ገጹ ብቻ ቀለም የነካው ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል። ስድስተኛው የላሜራ ሠራተኛ የዕለት ተግባር ነው፤ ጠፍጣፋው ቅድ ሲታጠፍ የትኛውን ዕቃ ይሆናል?

ከዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። የመጀመሪያው፣ ይህ ችሎታ ተፈጥሮ ብቻ አለመሆኑ ነው። በንድፍ ጠረጴዛ ፊት አንድ ዓመት የተቀመጠ ተማሪ መሥመሩን እያየ ዕቃውን በአሳቡ ማዞር እንደሚለምድ በዚህ አዳራሽ ያለ ሁሉ ያውቃል። አባቱ መሐንዲስ የሆነ ልጅ ለዚህ ክፍል ብዙ ገንዘብ ከፍሎ አስጠኚ ከመቅጠሩ በፊት፣ የአባቱን የድሮ የንድፍ መጽሐፍ ከመደርደሪያ ማውረዱ ሳይሻለው አይቀርም። ሁለተኛው፣ ፈተናው የሚለካው ዓይንን እንጂ እጅን አለመሆኑ ነው። ሦስተኛውን እይታ በ40 ሴኮንድ ያገኘ ወጣት በጠባብ አፍ ውስጥ፣ በመስተዋት እያየ፣ ከሚሊሜትር ያነሰ ውፍረት ሳያዛባ መሰርሰር ይችል እንደሆነ ከዚህ ውጤት ማወቅ አይቻልም። እርሱ የሚታወቀው ከገባ በኋላ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የላቦራቶሪ ሥራ ነው። ስለዚህ እጁ ሥራ ይወድ እንደሆነ አስቀድሞ መፈተን ለራሱ ለአመልካቹ የተተወ ኃላፊነት ነው፤ የሸክላ ሥራ ይሁን፣ የእንጨት ቅርጽ ይሁን፣ የሰዓት ጥገና ይሁን፣ የፈለገውን ይምረጥ።

የቀረው የዳት ክፍል የታወቀ ስለሆነ ብዙ ማብራሪያ አይሻም፤ 40 የባዮሎጂ፣ 30 የጠቅላላ ኬሚስትሪና 30 የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ጥያቄዎች በ90 ደቂቃ፣ የንባብ ክፍል፣ የሒሳብ ክፍል። ፊዚክስ በፈተናው ውስጥ የለም። ስለ ውጤቱ አሰጣጥ ግን አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ለብዙ ዘመን ውጤቱ የሚሰጠው ከ1 እስከ 30 ባለው መስፈርት ነበር፤ ከማርች 2025 ጀምሮ ግን ከ200 እስከ 600 ባለው ሆኗል። ቀደም ብሎ የገባ ዘመድ «ሃያ ካመጣህ ይበቃሃል» ብሎ ቢመክር ቁጥሩ ዛሬ ትርጉም የለውም።

ፊዚክስ ከፈተናው ቢቀርም ከትምህርቱ አልቀረም፤ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ከቤተ ሙከራ ጋር የሁለት ሴሚስተር ፊዚክስ ይጠይቃሉ። ይህም ተገቢ ነው። ጥርስን በሽቦ ማስተካከል የኃይልና የሰበቃ ጉዳይ ነው፤ የተቦረቦረ ጥርስ የሚሞላበት ነገር ከጥርሱ ጋር እኩል ካልሰፋና ካልተኮማተረ ሊሰነጥቀው ይችላል፤ በአየር የሚሽከረከረው መሰርሰሪያ በደቂቃ ከ300,000 ዙር በላይ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ1985 በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ፣ የጥርስ ቅርጽን በካሜራ አንስቶ የሴራሚክ መሙያውን በሽተኛው ወንበሩ ላይ እንዳለ የሚቀርጸው ሴሬክ የተባለው መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ ሲውል፣ ከፈጣሪዎቹ አንዱ ቨርነር ሞርማን የጥርስ ሐኪም፣ ሁለተኛው ማርኮ ብራንደስቲኒ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበሩ። የምሕንድስና ምሩቅ በዚህ ሙያ እንግዳ አለመሆኑን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምስክር ማምጣት ያስቸግራል።

ዋናው ችግር ያለው ከፈተናው አስቀድሞ በሚጠየቁት ትምህርቶች ላይ ነው። ዝርዝሩ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ቢለያይም መሠረቱ ተመሳሳይ ነው፤ ባዮሎጂ፣ ጠቅላላ ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ እያንዳንዳቸው ሁለት ሴሚስተር ከነቤተ ሙከራቸው፣ ባዮኬሚስትሪ ቢያንስ አንድ ሴሚስተር፤ አንዳንዶቹ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂና ማይክሮባዮሎጂ ይጨምራሉ። ዝርዝሩን ያየ መሐንዲስ «ፊዚክሱን ጨርሻለሁ፣ ሒሳቡ ተርፎኛል፣ የቀረውን በአንድ ዓመት አጠናቅቄ እገባለሁ» ማለቱ የተለመደ ነው። ይህ አነጋገር አንድን ሕንፃ መሠረቱን፣ ግድግዳውንና ጣሪያውን በአንድ ሳምንት እጀምራለሁ እንደ ማለት ነው። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ያለ ጠቅላላ ኬሚስትሪ አይጀመርም፤ ባዮኬሚስትሪም እንዲሁ ኦርጋኒኩን ይጠብቃል። ባዮሎጂ ከጎን ሊሄድ ይችላል፤ የኬሚስትሪው ሰንሰለት ግን የሥራው ወሳኝ መሥመር፣ በሙያችን ክሪቲካል ፓዝ የሚባለው ነው። ሌላውን ሁሉ ማፍጠን የመጨረሻውን ቀን በአንድ ቀን እንኳ አያቀርበውም።

ለምሳሌ ያህል በሜካኒካል ምሕንድስና የተመረቀ፣ በቂ ኬሚስትሪ ያልወሰደ አንድ ወጣት ይታሰብ። በ2026 መጸው ጠቅላላ ኬሚስትሪን ቢጀምር እርሱን የሚጨርሰው በ2027 ጸደይ ነው። ኦርጋኒኩ ከ2027 መጸው እስከ 2028 ጸደይ ይወስድበታል። ከዚያ ወዲያው ዳትን ተፈትኖ በ2028 ጁን ያመለክታል። የማመልከቻው ዘመን አንድ ዓመት የሚፈጅ ስለሆነ ትምህርት ቤት የሚገባው በ2029 ክረምት መጨረሻ ነው፤ ባዮኬሚስትሪውን በዚሁ የመጠበቂያ ዓመት ይወስዳል። ምንም ነገር ሳይደናቀፍ ሦስት ዓመት ሞላ፤ ሲመረቅ 2033 ይሆናል። ይህ ስሌት የሚያስፈራ ቢሆንም፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በወረቀት ላይ መዋል አለበት። በምሕንድስና ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለ ያሰበበት ተማሪ ግን ኬሚስትሪውን ከምሕንድስናው ጋር ጎን ለጎን አስኬዶ ከዚህ ውስጥ ሁለቱን ዓመት ሊያተርፍ ይችላል።

ትምህርቱ የት እንደ ተወሰደም ይጠየቃል። ከሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ የተገኘን ክሬዲት የሚቀበሉም የማይቀበሉም ትምህርት ቤቶች አሉ። ከአዲስ አበባ ወይም ከሌላ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የተገኘ ማስረጃ አስቀድሞ በታወቀ ድርጅት መገመት አለበት፤ ከተገመተም በኋላ ዋና ዋናዎቹ የሳይንስ ትምህርቶች በአሜሪካ ወይም በካናዳ እንዲወሰዱ የሚያስገድዱ ብዙ ናቸው። ሌላው፣ የወደቀበትን ትምህርት ደግሞ የወሰደ ተማሪ፣ ዩኒቨርሲቲው የቀድሞውን ማርክ ቢሰርዝለትም እንኳ፣ የጋራው ማመልከቻ ሁለቱንም ማርክ ቆጥሮ አማካዩን እንደሚያወጣ ማወቅ አለበት። በመጀመሪያው ዓመት በቸልታ የተገኘ ማርክ ከዚያ በኋላ የትም አይሄድም።

ማመልከቻው በአብዛኛው የሚቀርበው አድሳስ በሚባለው የጋራ አገልግሎት ነው፤ የቴክሳስ ትምህርት ቤቶች የራሳቸው አገልግሎት አላቸው። ቅጹ በሜይ ይከፈታል፣ ከጁን መጀመሪያ አንሥቶ ይላካል፤ ትምህርት ቤቶቹም የመጣላቸውን እየመረመሩ ለቃለ መጠይቅ ይጠራሉ፣ የመቀበያ ደብዳቤም ከዲሴምበር ጀምሮ ይልካሉ። የመጨረሻው ቀን በመጸው ወይም ከዚያ በኋላ መሆኑን አይቶ እስከዚያው የሚዘገይ አመልካች አለ። ሕጉን አልጣሰም፤ ነገር ግን ሲደርስ ከወንበሩ ብዙው ተይዟል። በጁን የተላከ መካከለኛ ማመልከቻ በኦክቶበር ከተላከ ጥሩ ማመልከቻ የተሻለ ዕድል ሊኖረው ይችላል ማለት ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ የሚቀጥለው ነገር ለሐበሻ ልጅ ከኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ይልቅ የሚከብድ ነው። ማመልከቻው እስከ አራት የሚደርሱ የምስክርነት ደብዳቤዎችን ይቀበላል፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ከእነዚህ ሁለቱ ከባዮሎጂ፣ ከኬሚስትሪ ወይም ከፊዚክስ መምህር፣ አንዱም ከጥርስ ሐኪም እንዲሆን ይፈልጋሉ። የጥርስ ሐኪም አጠገብ ቆሞ ሥራውን መመልከትም ይጠበቃል፤ መቶ ሰዓት ያህል የተለመደ ግብ ነው። በመጨረሻም አመልካቹ ለምን ይህን ሙያ እንደ መረጠ በ4,500 ፊደል፣ ባዶው ቦታ ሳይቀር ተቆጥሮ፣ ስለ ራሱ ይጽፋል። እንግዲህ በይሉኝታ ያደገ ልጅ መምህሩን በቢሮው ገብቶ «እርስዎ ስለ እኔ ይጻፉልኝ» ሊል፣ የማያውቀውን ሐኪም «ክሊኒክዎ ውስጥ ልቁም» ብሎ ሊለምን፣ ከዚያም ቁጭ ብሎ ራሱን ሊያወድስ ነው። መቶ ተማሪ ባለበት ክፍል ከኋላ ተቀምጦ ጥሩ ማርክ ያገኘ ልጅ፣ በዓመቱ መጨረሻ ስሙን የሚያውቅ መምህር ላይኖረው ይችላል። ማኅበሩ ሊረዳ የሚችልበት ቦታ ካለ እዚህ ላይ ነው፤ በየከተማው ያሉ ኢትዮጵያውያን የጥርስ ሐኪሞችን ከእነዚህ ወጣቶች ጋር ማስተዋወቅ የአንድ የስልክ ጥሪ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የዘመድ ክሊኒክ ብቻውን አይበቃም፤ ደብዳቤው ከአጎት የመጣ መሆኑን መርማሪው ቶሎ ይረዳዋል።

ስለ ገንዘቡም በግልጽ መነገር አለበት። በዕዳ ከሚመረቁት የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች የአማካዩ ዕዳ ወደ 300,000 ዶላር ነው። በ2025 ጁላይ በወጣው ሕግ መሠረት ደግሞ ከ2026 ጁላይ ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች፣ የትምህርቱን ወጪ እስከ መጨረሻ ይሸፍን የነበረው የፌዴራል ብድር ቀርቶ፣ ለእንዲህ ያለ የሙያ ትምህርት መበደር የሚቻለው በዓመት ከ50,000፣ በጠቅላላው ከ200,000 ዶላር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ልዩነቱን ቤተሰብ፣ የግል ባንክ ወይም ስኮላርሺፕ መሙላት አለበት። በመሆኑም የሚኖሩበት ክፍለ ግዛት የመንግሥት ትምህርት ቤት ያለው መሆኑና የነዋሪነት ዋጋ የሚያገኙ መሆኑ ከትምህርት ቤቱ ስም በፊት ሊታይ ይገባል። ወጪውን ችለው በአገልግሎት የሚያስመልሱ የጦር ኃይሉና የብሔራዊው የጤና አገልግሎት ጓድ ስኮላርሺፖች አሉ፤ ሁለቱም ግን ዜግነት ይጠይቃሉ። ማመልከቻ ከመጀመሩ በፊት ወላጅና ልጅ አንድ ምሽት ተቀምጠው ይህን ሒሳብ በጋራ ቢያወጡ ይሻላል፤ ከተቀበሉ በኋላ ማውጣቱ ጠብ ያመጣል።

የመጨረሻው ጉዳይ በአገር ቤት ተመርቀው ከመጡት የጥርስ ሐኪሞች የሚመለከት ነው። ለእነርሱ ከመጀመሪያው ዓመት መጀመር ግድ አይደለም፤ ካፒድ በሚባለው አገልግሎት በኩል ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ወደሚፈጀው ልዩ ክፍል ያመለክታሉ። በአብዛኛው የሚጠየቁት የማስረጃ ግምት፣ የእንግሊዝኛ ፈተናና እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ ላይ የዋለውን የተዋሐደ ብሔራዊ የቦርድ ፈተና ማለፍ ነው፤ ቦታው ጥቂት፣ አመልካቹ ብዙ ነው። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ለቃለ መጠይቅ የጠሩትን ሐኪም በሥራ ጠረጴዛ ላይ ይፈትኑታል። የፕላስቲክ ጥርሶች የተተከሉበት መንጋጋ፣ መሰርሰሪያና መስተዋት ይሰጠዋል፤ ይህን ጥርስ ለክራውን አዘጋጅ፣ ያንን ለመሙያ ቦርቡር ይባላል፤ የሰም ጥርስ እንዲቀርጽ የሚያዝዙም አሉ። ከአሜሪካዊው አመልካች ላይ በ1972 የቀረው የእጅ ፈተና ለውጭ አገሩ ምሩቅ በዚህ መልክ አለ። የግድግዳው ዘንበል ማለት፣ የጠርዙ ስፋት፣ የጎረቤቱ ጥርስ አለመነካቱ በሰዓት ገደብ ውስጥ ይታያል። አምስት ዓመት በክሊኒክ የሠራ ሐኪም እንኳ ሳይለማመድ ቢቀርብ ሊወድቅ ይችላል፤ በአገር ቤት የሠራው በሰው ጥርስ ላይ ነው፣ ፕላስቲኩ ከመሰርሰሪያው ሥር የሚሰጠው ስሜት ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ለፈተናው የሚዘጋጁት ሐኪሞች መንጋጋውንና መለዋወጫ ጥርሶቹን ገዝተው፣ ትንሽ የመሰርሰሪያ ሞተር በማእድ ቤት ጠረጴዛ ላይ አቁመው፣ ከቀን ሥራ መልስ ሌሊቱን ይለማመዳሉ።